የወፍጮ ጉሮሮ ማጠቢያ

ወፍጮ ቤት ስላክ በጀርባዬ ስልቻ፣ በእጄ ጣሳ ይዤ ነበር የምሄደው። ስልቻው ውስጥ የቤታችን እንጀራ የሚሆን ጤፍና ማሽላ ተቀላቅሎ አለ። ጣሳው ውስጥ ያለው ነጭ ማሽላ ግን ለእኛ የሚበላ አልነበረም። እኛ «አኮ» የምንላት የእናቴ እናት «የወፍጮ ጉሮሮ ማጠቢያ» ትለው ነበር።

ወደ ደሴ የሚወጣው አስፋልት ከሚሴን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል። ወፍጮ ቤቱ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የናፍጣ ወፍጮ ነው፤ ሲነሳ ቱግቱግታው ሰፈሩን በሙሉ ይሞላዋል። ባለ ወፍጮው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ቆጣ ቆጣ የሚል ሰው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ጣሳዋን ሳቀብለው አገላብጦ አያትና «ይቺን ደግሞ ምን ላድርጋት?» አለኝ። «አኮ ናት የላከችኝ፤ ከእኛ በፊት ስንዴ ወይ ገብስ ያስፈጨ ካለ ወፍጮው መጀመሪያ በዚች ይታጠብልኝ ብላለች» አልኩት። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። እሱም ሳቀና ጣሳዋን መልሶልኝ የእኛን እህል ከስንዴው ተከትሎ ፈጨው።

አኮ ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ በረጋ ድምፅ «ልጄ» አለችው፤ «ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው የስንዴ ዱቄት ቤቴ ያለችውን ልጅ ያስተኛብኛል። ማሽላዬን መጀመሪያ አብላው፤ ከዚያ የእኛን ፍጭልኝ። ከጣሳዋ የሚወጣውን ዱቄት ለዶሮዎችህ ውሰደው፣ መልስልኝ አልልህም።» ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ዱቄቱን ከፊቱ ላይ ጠረገና «እሺ እናቴ፤ እርስዎ ካሉ» አላት። ከዚያ ቀን በኋላ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «የልጅቷ እህል መጣ!» ብሎ ይጣራል። ውሎ አድሮ ደግሞ ጠዋት ገና ምንም ሳይፈጭ ብመጣ እንደሚሻል እሱ ራሱ ነገረኝ።

ልጅቷ ታናሽ እህቴ ናት።

በ1977 ዓ.ም. ሁለት ዓመቷ ነበር። ያ ዓመት ለወሎ ሰው ምን ዓመት እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። በወቅቱ የወሎ ክፍለ ሀገር ነን። ከእኛ በስተሰሜን ባቲ ላይ ስንት ሺህ ሰው በመጠለያ ሰፍሮ እንደነበር ዓለም ሁሉ አይቶታል። እኛ መጠለያ አልገባንም፤ ግን ጎተራችን ባዶ ነበርና የበላነው የእርዳታ ስንዴ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስንዴው ለቆላ ልጅ ብርቅ ነው። በንፍሮ በላነው፣ በቂጣ በላነው፣ በገንፎ በላነው። እኔና ወንድሞቼ በሁለት ወር ውስጥ ጉንጫችን ሞላ። እሷ ግን ከሳች። ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ቀጠነ፣ ተቅማጡ አልቆም አላት፣ ጠጉሯ ሳሳ።

ያን ጊዜ እንደዚያ ያለ ልጅ በየቤቱ ነበር። ሆዱ የተነፋ፣ እግሩ የቀጠነ ልጅ ያየ ሁሉ «ረሃብ ነው» ይላል፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል? እናቴ ከራሷ ቀንሳ ስንዴውን አብዝታ ታጎርሳታለች። ልጅቷ በጎረሰች ቁጥር ትብስባታለች። ይህን ዛሬም ሳስበው ልቤ ይታመማል። እናቴ በፍቅር ብዛት የምታጎርሳት ያንኑ የሚጎዳትን ነበር።

ዝናቡ ተመልሶ በ1978 መኸር ማሽላው ሲያፈራ አኮ ከማሳ እሸት ይዛ መጣች። የወሎ ማሽላ እሸት ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ይቅርታ ያድርግልኝና ትንሽ ልቆይበት። ራሱ ገና ሳይደርቅ ይቆረጣል፣ በፍም ላይ ይለበለባል፣ ከዚያ በመዳፍ መካከል ሲያሹት ትኩሱ ፍሬ ይረግፋል። «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዘር አለን፤ ስሙን ያወጣለት ገበሬ ምንም አላጋነነም፤ እውነትም ጉንጭ ውስጥ ወተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ለልጅ እድገት አስፈላጊ የሆነው ንጥረ ነገር ጎልቶ የተገኘባቸው ሁለት ዘሮች ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ፤ ወተት በጉንጬን የመሰለው የወሎ ማሽላ ማለት ነው። አኮ ይህን አታውቅም። የምታውቀው እህቴ እሸቱን በልታ በዚያ ሌሊት እንዳልወጣች ነው። በማግስቱም አልወጣችም። ከዚያ የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ ከዚያ የማሽላ እንጀራ በወተት። ጥር ሳይገባ ልጅቷ መሮጥ ጀመረች። ከማሳው ዳር ጥንቅሽ እየላጠች አገዳውን ስትመጥ የተቀመጠችበት ድንጋይ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ያኔ ማንም ነገሩን ከስንዴ ጋር አላገናኘውም። እህል ተገኘ፣ ልጅ ዳነ፤ በቃ።

የተገናኘው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። መንገዱ ዳር ሻይ ቤቶች ነበሩ፤ ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች የሚቆሙባቸው። እዚያ ፉርኖ ዳቦ በሻይ መብላት ለከሚሴ ልጅ የከተሜነት ምልክት ነበር። አባቴ ከገበያ ሲመለስ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዳቦ ይገዛል። በስድስት ወር ውስጥ የእህቴ ሆድ እንደገና ተነፋ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የትል መድኃኒት ሰጧት፣ የአሜባ ሰጧት፣ የጃርዲያ ሰጧት። እየተሻላት እየባሰባት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አኮ እሳት ዳር ተቀምጣ ቡና እየቆላች፣ ማንንም ሳታይ፣ በኦሮምኛ «ቀመዲ» አለች፤ ስንዴ ማለቷ ነው። «የዚያን ዓመትም ስንዴ ነበር የበላችው። አሁንም ስንዴ ነው። ስንዴ አልወደዳትም።»

እናቴ አላመነቻትም። አኮ ግን የወሎ ገበሬ ልጅ ናት፤ በሬ ምን በልቶ እንደታመመ ለማወቅ የግጦሹን ቦታ መለዋወጥ ታውቃለች። ሦስት ሳምንት ስንዴ ከለከለቻት፤ ተሻላት። አንድ ሙልሙል ሰጠቻት፤ ታመመች። እንደገና ከለከለቻት። ከዚያ ገብስን ሞከረች፤ አንድ ማንኪያ በሶ። እሱም አስተኛት። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሾ፣ ሽምብራ፣ ምስር ሁሉ ተራ በተራ ተፈትነው አለፉ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ክረምት ውስጥ ያገኘችው ዝርዝር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ አንድ ስፔሻሊስት ለእህቴ ጽፎ ከሰጣት ዝርዝር ጋር አንድ ነው።

ስንዴንና ገብስን መተው በወሬ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ግን እነሱ የማይገቡበት ነገር የለም። የቡና ቁርሱ ቆሎ ገብስ ነው። ለኢድ የምንጠጣው ቀሪቦ የሚሠራው ከተቆላ ገብስ ነው። የጎረቤት እርሾ ማን እንዳቦካው፣ ምን ዱቄት እንዳየ አይታወቅም። ዳቦ የተጋገረበት ምጣድ፣ በሶ የተወቀጠበት ሙቀጫ፣ ስንዴ የተነፋበት ወንፊት፣ ሁሉም ከላያቸው ላይ ትንሽ ትንሽ ያስቀራሉ። አኮ አንድ በአንድ ለየቻቸው። ሌላ ወንፊት ገዛች። ሙቀጫውን በአሸዋ አሽታ በፈላ ውኃ አጥባ፣ ከዚያ ወዲህ ገብስ እንዳይገባበት አደረገች። እርሾ ለጎረቤት ትሰጣለች እንጂ ከጎረቤት አትቀበልም ነበር፤ ይህ በእኛ ሀገር እንደ ኩራት ስለሚታይ አንዳንዶቹ ተቀይመዋታል። ለቡና ቁርስ የሽምብራ ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ይቀርባል። በቀሪቦ ፋንታ ብርዝ።

እስካሁን የምደነቅበት አንድ ውሳኔዋ አለ። እኛ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። እንግዳም፣ ጎረቤትም፣ ልጅም እጁን የሚሰድደው ወደ አንድ ማዕድ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ የማትበላው ነገር ትሪው ላይ ካለ፣ ወይ እሷ ለብቻዋ ጥግ ትቀመጣለች፣ ወይ ሁሉም ይለወጣል። እናቴ ለእህቴ ትንሽ ሰሃን ገዝታ ለብቻዋ ልታቀርብላት ጀምራ ነበር። እህቴ ሰሃኗን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ስትበላ አኮ አየቻት። ሰሃኑን አነሳችና ልጅቷን በእጇ ይዛ ወደ ትሪው መለሰቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት የሚበላው እሷ የምትበላውን ነው» አለች። አባቴ ዳቦ ይወድ ነበር። ምንም አልተናገረም። ዳቦውን ሻይ ቤት እየበላ፣ እጁን ታጥቦ ይገባ ጀመር።

እንዲህ ሆኖ አትክልት የቤታችን ዋና ምግብ ሆነ። ከሚሴ ለአትክልት የታደለች ናት። ቦርከናን እየጠለፉ ጨፋ ሜዳ ላይ የሚያለሙ ገበሬዎች ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ያመጣሉ። ከዳገቱ ጎመንና ድንች ይወርዳል። በበጋ ሳሩን ፍለጋ ወደ ጨፋ ከሚወርዱት አርብቶ አደሮች ደግሞ ወተትና ቅቤ ይገኛል። አኮ ስትገዛ ቲማቲሙን አትጨምቀውም፤ አንስታ እንብርቱን ታሸተዋለች። ዱባ ስትመርጥ በጣቷ ቋ ቋ አድርጋ ትመታዋለች። ጎመን ከገዛች ማታውኑ ትሠራዋለች፤ ያደረ ጎመን ማየት አትፈልግም። ዱባውን ከነልጣጩ ጎርዳ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ ብላ አቁላልታ፣ ከበርበሬው ጋር ስትከድነው ጓዳው በሙሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። በርበሬውም የቤት ነው። ገበያ የተፈጨ በርበሬ ምን እንደተጨመረበት ስለማይታወቅ፣ እዚያው ወፍጮ ቤት፣ ከዚያችው ጣሳ በኋላ ነው የሚፈጨው።

ረመዳን ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። የፊጥር ማዕድ ያለ ሾርባና ያለ ሳምቡሳ ምን ይመስላል? ሾርባው በስንዴ ቅንጬ ወይም በአጃ ይሠራል፤ የሳምቡሳው ቅጠል ስንዴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቴምሯን ብቻ በልታ ስታየን የነበረችውን እህቴን አኮ አልረሳችም። በሚቀጥለው ረመዳን የማሾ ሾርባ ጀመረች።

ማሾ የእኛ አካባቢ እህል ነው፤ ዛሬ ለውጭ ገበያ ስለሚላክ ዋጋው ተወዷል፣ በ2006 ዓ.ም. ምርት ገበያም ገብቷል። ያኔ ግን ንፍሮ ነበር። አኮ ጠዋት ሰፌድ ላይ ዘርግታ ትለቅመዋለች፤ የምትለቅመው ጠጠሩን ብቻ አይደለም፣ አንድም የስንዴ ፍሬ ቢሆን እያሳደደች ታወጣለች። ዙሁር ሲደርስ ትዘፈዝፈዋለች። ከአስር ሶላት በኋላ እሳት ላይ ትጥደዋለች፤ አረንጓዴው ቅርፊት እስኪፈነዳና ውኃው እስኪወፍር። በሌላ ድስት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት ታቁላላለች፤ ካሮትና ድንች እንደ ሽምብራ ፍሬ አድርጋ ትከትፋለች፤ ቲማቲሙን ልጣ ትፈጨዋለች። ሁለቱን ታቀላቅልና ለማወፈሪያ አንድ እፍኝ የማሽላ ሽርክት ትበትንበታለች። ቃሪያ ሳትሰነጥቅ ሙሉውን ትጥልበታለች፤ ሽታውን ይሰጣል፣ ልጅ አያቃጥልም። ሊወርድ ሲል የድንብላል ቅጠል። ሳህን ላይ ሎሚ።

ለሳምቡሳው ደግሞ የምስሩን መሙያ እንዳለ ሠርታ ከተቀቀለ ድንች ጋር በእጇ ታድቦለቡለዋለች፣ የሽምብራ ዱቄት ታለብሰውና ትጠብሰዋለች። ለእንግዳ እውነተኛ ሳምቡሳ ከተጠበሰም ዘይቱ መጀመሪያ የእህቴን ነው የሚያየው፤ ስንዴ ከነካው በኋላ የእሷ አይገባበትም። «ልጅ ማሞላቀቅ ነው» ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። በሦስተኛው ረመዳን ከእነሱ አንዷ ልጇን ሳህን አስይዛ ላከችብን፤ «እማ ከማሾው ሾርባ ትንሽ ስጡኝ ብላለች።» አኮ ድስቱን ሙሉ ልታስይዘው ምንም አልቀራት።

አኮ በ1994 አረፈች። እህቴ በ1995 ለሥራ አዲስ አበባ ገባች። ከተማ ውስጥ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። «የጤፍ ነው?» ስትል «አዎ፣ ንጹህ ጤፍ» ይሏታል። ንጹህ አልነበረም። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ የሚቀላቅል አለ፤ ሽፍንፍን ብሎ ስለሚወጣ በዓይን አይለይም። እህቴ ሰውነቷ ወረደ፣ ደሟ አነሰ፣ ደረጃ መውጣት አቃታት። ሁለት ሦስት ሆስፒታል ተንከራተተች። አንዱ ጨጓራ አላት፣ አንዱ ጭንቀት ነው አላት። በመጨረሻ በ2003 አንድ ሐኪም ከልጅነቷ ጀምሮ ጠየቃት። ስለ አኮ ነገረችው። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጣት። ደም መረመሩ፣ በካሜራ ወደ ውስጥ አይተው ከትንሹ አንጀት ናሙና ወሰዱ። ሲሊያክ ነው።

ሲሊያክ አለርጂ አይደለም፤ ስንዴ ሲበሉ ወዲያው የሚያሳክካቸው ወይም የሚያሳብጣቸው የአለርጂ ሰዎች ሌሎች ናቸው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለውን ግሉተን ሲበላ የገዛ መከላከያው የራሱን አንጀት ይወጋል፤ ምግብ የሚመጡት ጥቃቅን የአንጀት ጣቶች ይጨረጨሳሉ፤ ሰውየው እየበላ ይራባል። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ግሉተንን መተው ነው። እህቴ ዝርዝሩን ለእናቴ በስልክ ስታነብላት እናቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይህን ሁሉ አኮሽ ስታውቀው አልነበር?» አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ዊለም ካሬል ዲከ የሚባለውን ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም የተዋወቅኩትም ያኔ ነው። ሄግ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ 1945 ባለፈው ክረምት ጀርመኖች ኔዘርላንድስን ሲያስርቡ ዳቦ ከከተማው ጠፋ፤ ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ረሃብ ውስጥ በዚህ በሽታ ይማቅቁ የነበሩት ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰባቸው። ዲከ ጥርጣሬውን በጥናት አጠናክሮ እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ።

ይህን ሳነብ ያለሁበትን ወንበር ረሳሁት። በእነሱ ሀገር ረሃቡ ስንዴን ወስዶ ልጆቹን አዳነ። በእኛ ሀገር ረሃቡ ስንዴን አምጥቶ እህቴን ሊገድላት ነበር። እነሱ ሐኪም ነበራቸው። እኛ አኮ ነበረችን። እርዳታውን አልወቅስም፤ ያ ስንዴ እኔን ጨምሮ ስንቱን ከሞት አውጥቷል። ግን በዚያ ዓመት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ስንዴ እየጎረሱ ከሞቱት ሕፃናት መካከል እንደ እህቴ ያሉ ስንቶቹ እንደነበሩ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን በውጭ ሀገር ከግሉተን ነጻ የሆነ ዱቄት በትንሽ ከረጢት በውድ ዋጋ ይሸጣል። ግሉተን ሊጡን እንደ ላስቲክ ስቦ የሚይዝ ነገር ስለሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ዳቦው እንዳይፈረካከስ የተለያየ ማጣበቂያ ይጨምሩበታል። የእኛ እናቶች ግን ይህን ችግር በአብሲት ከፈቱት ስንት ዘመናቸው ነው! ከቦካው ሊጥ ትንሽ ቀንሰው በፈላ ውኃ እያማሰሉ ያበስሉታል፣ ገንፎ መሰል ሲሆን አቀዝቅዘው መልሰው ይቀላቅሉታል። የበሰለው ስታርች ሊጡን አያይዞ ዓይን ያለው፣ የሚታጠፍ እንጀራ ያወጣዋል። የማሽላ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል ይባላል፤ እውነት ነው። አኮ ለዚያ ከጤፉ እየቀላቀለች፣ አብሲቱን ከሌላው ሴት አብዝታ፣ በየሁለት ቀኑ ትጋግር ነበር። የእሷ የማሽላ እንጀራ በማግስቱም ጠቅልለው ቢይዙት አይሰነጠቅም ነበር።

ዓለም ጤፍን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሲያውቀውም ባለቤት ልሁን ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። ጤፍን ያስገኘች ሀገር ለዓመታት እጇ ታስሮ ስታይ ቆየች። በመጨረሻ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ኔዘርላንድስ ውስጥ ዋጋ አሳጣው፤ የፈጠራ ሥራ የለበትም አለ። እኔ ደግሞ ልቤ የሄደው ወደ ከተማው ስም ነው። ሄግ፤ ዲከ ከሕፃናቱ አልጋ ዳር ቆሞ የስንዴን ነገር ሲያሰላስል የኖረባት ከተማ። ጤፍን አቡክቶ መጋገር የማንም ፈጠራ አለመሆኑን አኮ ብትጠየቅ በነጻ ትነግራቸው ነበር።

ባለፈው ረመዳን እህቴንና ልጆቿን ይዤ ከሚሴ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ አሁን በመብራት ነው የሚሠራው። ባለ ወፍጮው አርጅቶ ቤት ውሏል፤ ልጁ ነው የሚፈጨው። ስልቻው በማዳበሪያ ከረጢት ተተክቷል፤ ጣሳዋን ግን እናቴ ከጓዳ አውጥታ ማሽላ ሞልታ ሰጠችኝ። ለልጁ ሳቀብለው ምንም አልጠየቀኝም። ማሽላውን አፍስሶ ፈጨው፣ የወጣውን ዱቄት ለብቻ ጠረገው፣ ከዚያ የእኛን ጤፍ ጨመረ። «አባቴ ነግሮኛል» አለ።

ማታ የማሾ ሾርባውን የሠራችው እህቴ ናት። ሲሊያክ ከቤተሰብ ሊወረስ ስለሚችል ሁለቱንም ልጆቿን አስመርምራለች፤ ትልቁ ነጻ ነው፣ ትንሿ ግን እንደ እናቷ ናት። ከትሪው ዳር አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ለብቻ ሰሃን የያዘ አልነበረም።

ልጃችሁ በልቶ የማይወፍር፣ ሆዱ የሚነፋ፣ በትል መድኃኒት ያልዳነ ከሆነ የስንዴውን ነገር ለሐኪም አንሱ፤ ምርመራው ሳይደረግ ግን ስንዴውን አታቋርጡበት፤ ካቋረጣችሁ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል። እንጀራ ጋግራችሁ የምትሸጡ እህቶቻችን ደግሞ፣ ኑሮ መክበዱን እናውቃለን፣ መቀላቀላችሁንም አንቆጣም። የቀላቀላችሁትን ብቻ ንገሩን።